ልክ ሳይወሰድ የተሰፋ ዕቅድ

የአምስተኛ ክፍሏ መምህርት በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዋ ለአለቃ ባዶ ወረቀት አስረክባ አታውቅም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዳይሬክተሩ ጠራትና ሰፊ ሠንጠረዥ ያለበት ቅጽ ሰጣት። ዳይሬክተሩ፣ እንግዲህ፣ ድሮ እሷው ፊደል ያስቆጠረችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት ልጅ ነው። አሁን ከረባት አስሮ አለቃዋ ሆኗል።

«ቲቸር፣ ዘንድሮ እኛ ቀድመን አንነግራቸውም። ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ መልሱን አብረናቸው እንፈልጋለን። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ነው የምንሄደው» አላት።

ቅጹ ላይ ከሳምንቱ ቀጥሎ «ከተማሪዎች የመጣ ጥያቄ» የሚል ቦታ አለ። ይሄ ቦታ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ፣ ልጆቹ እየጠየቁ በየሳምንቱ የሚሞላ ነበር። እሱ ይህን መንገር ዘነጋ፤ እሷ ደግሞ መጠየቅ አፈረች። በዚህ ዕድሜዋ፣ ያውም ለዚህ ልጅ፣ «አልገባኝም» ማለት ሞት መሰላት።

ቤቷ ገብታ መነጽሯን ሰካችና መጻፍ ጀመረች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናውን ያንቀጫቅጫል።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?»

«ልጆቹ የሚጠይቁትን እየጻፍኩ ነው።»

«የትኞቹ ልጆች?»

«የዘንድሮዎቹ ናቸዋ!»

መኪናውን ቀጥ አደረገው። «መቼ አገኘሻቸው? እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሰውዬው ሳይመጣ ልኩን ወስጄ አላውቅም።»

«አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ቁልፍህን ትከል!»

ሳቀባት። እሷ ግን በሦስት ቀን የአርባ ሳምንት ጥያቄ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ሞልታ ጨረሰች።

ዳይሬክተሩ ገጹን ሲገልጥ ዓይኑ በራ። «ቲቸር! ይህን ሁሉ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት?»

እዚህ ላይ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «አዎ፣ ካምናዎቹ ልጆች ለቃቅሜ ነው» አለች። ቃሉ ካፏ ሲወጣ ጆሮዋ ጋለ። እሱ በደስታ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ለሁሉም መምህር አደለው፤ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ደግሞ የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን ሊጎበኙ ሲመጡ እሷ እንድታስረዳ ወሰነ። ወደ ኋላ መመለሻ ጠፋ።

ትምህርት ተጀመረ። ጥያቄዎቹን ቆራርጣ ለልጆቹ ታድላለች፤ ተራው የደረሰው ተነሥቶ እንደ ዜና ያነባል። በሁለተኛው ሳምንት የክፍሉ ትንሿ፣ ሁሉም ሚጢጢ የሚሏት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄን ማነው የጠየቀው?»

«ተማሪዎች ናቸው።»

«እኛ አይደለንም እንዴ ተማሪዎቹ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሚጢጢ ግን ለማሳቅ አልነበረም። «እኔ የራሴ አለኝ። እዚያ ጥጉ ላይ ያለው እርጥበት፣ ዝናብ እንኳ ሳይዘንብ ለምንድን ነው እየሰፋ የሚሄደው?»

መምህርቷ ግድግዳውን አየች። እውነትም ሰፍቷል። መልሱን አታውቀውም።

«እሱ ዕቅዱ ውስጥ የለም። ቁጭ በይ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ፤ ተቀመጠችና ላጲሷን አወጣች። ከሰዓት በኋላ ደብተር ስታርም መምህርቷ የሚጢጢን ገጽ አገኘች። ጥያቄዋን አጥፍታ አጥፍታ ወረቀቱ ሳስቶ ሊበሳ ደርሷል። ያን ቀን ቀይ እስክሪብቶዋን ማንሣት አቃታት።

ዓርብ ደረሰ። እንግዶቹ ተደርድረዋል፤ ከልጆቹ ጥቂቶቹ ፊት ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ ዕቅዱን ይዞ ወደ ሚጢጢ ጎንበስ አለ። «እስቲ የኔ ጎበዝ፣ ከነዚህ ውስጥ ያንቺ ጥያቄ የትኛው ነው?»

ልጅቷ ወረቀቱን አየች። ቀጥላ መምህርቷን አየች። መምህርቷ አቀረቀረች።

«ይሄ… ሁለተኛው» አለች ሚጢጢ በቀጠነ ድምፅ። ልጅቷ መምህርቷን ላድን ብላ ዋሸች። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ያ ጭብጨባ ነው የጨረሳት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አይደለም» አለች ተነሥታ። «የሷን ጥያቄ ጠይቃኝ ነበር፤ ቁጭ በይ አልኳት። አርባውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተንም ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ።»

በሰው ፊት «አንተ» ብላው አታውቅም። ዳይሬክተሩ ፊቱ ቀላ፤ የሚይዘው ሲያጣ ከረባቱን ጨበጠ። አንዲት እንግዳ መምህርት፣ እሷም ቀድማ የሞላችውን ቅጽ ቀስ አድርጋ ወደ ቦርሳዋ ከተተች።

ሰዉ ሲበተን ሚጢጢ ከበሩ ቆማ ጠበቀቻት።

«ቲቸር፣ ዋሸሁ አይደል?»

«ከኔ ነው የተማርሽው» አለች መምህርቷ። ይቅርታ ልትል አስባ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ጥያቄሽን እስቲ ድገሚልኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ።»

«አይቻለሁ። ሰኞ አብረን እንጽፈዋለን፣ እሺ?»

ልጅቷ እሺም እምቢም ሳትል ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ባሏን ሜትሩን እንዲያውሳት ለመነችው።

«ማንን ልትለኪ ነው?»

«ግድግዳ» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።