ከጠርሙሱ ታች የወጣችው ፍሬ

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ከቀበረች ወዲህ ሰው ማመን ትታለች። በተለይ የወንድሟን የቤተ ሙከራ ባልደረባ፣ ሟቹ ራሱ «መነጽሩ» እያለ የሚጠራውን ሰውዬ። ወንድሟ በጓሮው ለዓመታት እየመረጠ ያራባው፣ ዝናብ ሲጠፋም የሚያፈራ የኦቾሎኒ ዘር በአንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ቀርቷል። መነጽሩ ከላይ ዘግኖ ወሰደ፤ አብቅሎ የቅጠሉን ዲኤንኤ መረመረና ከገበያው ኦቾሎኒ በምንም አይለይም አላት። አዲስ ዝርያ ካልሆነ ደግሞ በሟቹ ስም አይመዘገብም።

ይህን ሲነግራት የወንድሟን ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር። ዓይኗን ሽሽት መሬት መሬት ያያል። ለውጦታል አለች በሆዷ፤ ነገ በራሱ ስም ሊያወጣው ነው። አደራ በላ!

እንደገና ይመርመር፣ እኔም እያየሁ ይሁን አለችው። ክንዷን እስከ ክርኗ ጠርሙሱ ውስጥ ከትታ ከታች ፍሬ ለቀመች። የበቀሉትንም ችግኞች ማንም እንዳይቀይራቸው በየአንገታቸው የራሷን ቋጠሮ በቀይ ክር አሰረችባቸው። ቅጠሉ ሲፈጭ ከጎኑ ንቅንቅ አላለችም።

የዲኤንኤው ፎቶ ሲወጣ መነጽሩ ትንንሾቹን መስመሮች አሳያት። አንድ ዓይነት ዘር ከሆኑ መስመሮቻቸው እኩል ቦታ ላይ ይቆማሉ አላት። ሁሉም ከገበያው ኦቾሎኒ ጋር እኩል የቆሙ መሰላት። እሱ ግን ጣቱን ከሌሎቹ ወጣ ብላ የቆመች አንዲት መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይቺ እዚህ ዘመድ የላትም፤ ሌሎቹ የገበያ ናቸው። እህቴ፣ ጠርሙሱ ላይ ማን ጨመረበት?»

ሌብነቱን ወደ ቤቷ ሊያዞረው ነው ብላ ተነስታ ወጣች። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ከነከናት፤ ሌባ ቢሆን ስለዚያች ፍሬ ዝም አይልም ነበር?

ቤት ስትደርስ የጠርሙሱ ክዳን ጠረጴዛው ላይ ነው። እናቷ ያኝካሉ።

«እማዬ፣ ከዚህ ይበላሉ እንዴ?»

«ሲናፍቀኝ አንዳንድ እቀምሳለሁ። ጎድሎ ሳየው ደግሞ ሆዴ ይባባል፣ ጥሬውን ከገበያ ገዝቼ እሞላዋለሁ። ምነው ልጄ? ያው ኦቾሎኒ አይደል?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ አለች። ታች የቀረው ስንቱ የወንድሟ እንደሆነ ዓይን አይለየውም፤ ሁሉም መዘራት አለበት። ጠርሙሱን ስታነሳ እናቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«አንዲት ብቻ።»

ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። ሄዳም ለዚያው ለመነጽሩ፣ ለባለ ጋዋኑ፣ በሁለት እጇ አስረከበችው።