የመጨረሻዋ ስትሮ

ላሟ ከጠዋት ጀምሮ ኮርማ ፈልጋ በረቱን ስታምስ፣ ሴትዮዋም ከበረት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ትመላለሳለች። እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። አዳቃዩን አስጠርታዋለች፤ ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም አመሻሽ ላይ ነው የምትዳቀለው ብሎ ልኮባታል። እስከዚያ ምን ይዋጣት?

ጓዳ ውስጥ የሟች ባሏ የናይትሮጅን ታንክ፣ የኮርማ ዘር በብርድ የሚቆይበት፣ ቆሟል። በውስጡ የቀረችው አንዲት ስትሮ ብቻ ናት፤ የሞተ ኮርማቸው ዘር ያለባት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ። ባሏ ዕድሜውን የጨረሰው ስጋው የሚለሰልስ፣ ስቡ በመሃሉ እንደ ክር የሚሄድ ከብት ለማውጣት ሲለፋ ነው። ለዘረ መል ምርመራ ከየከብቱ ጭራ ፀጉር እየነጨ ስለሚልክ ሰፈርተኛው «ጭራ ነጪው» ይለው ነበር። የኮርማውና የዚህች ላም የምርመራ ውጤት የመጣ ቀን፣ ከሁለቱ የሚወለደው ስጋው ቢላ አያስፈልገውም አላት። እሷም ጥርሱ ላለቀ ሽማግሌ ደግ ነው ብላ ሳቀችበት። ኮርማው ታሞ ሞተ፤ ብዙ ሳይቆይ ባሏም ተከተለው።

አዳቃዩ መጣ። ሙያውን ያስተማረው ባሏ ነበር። ክዳኑን ከፍቶ የናይትሮጅኑን መጉደል ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ፣ ይሄን ታንክ ማን ነው የሚከፍተው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለና?»

ለምን ብሎ ሲጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችው። ስትሮዋ ላይ የኮርማውን ስም የጻፈው ባሏ ነው። ሆድ ሲብሳት ክዳኑን ታነሳለች፣ ስትሮዋን ስባ አውጥታ የእጁን ጽሕፈት ታያለች፣ መልሳ ትከታለች። ከቀብሩ ወዲህ ሳታያት የዋለችበት ቀን የለም።

አዳቃዩ ቀስ ብሎ ነገራት፤ ከታንኩ አንገት በላይ በወጣች ቁጥር ትሞቃለች፣ በሞቀች ቁጥር ውስጧ ያለው ይሞታል። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነው የባሰባት።

«በገዛ እጄ ጨረስኩት በለኛ።»

«ሳናይ አንፍረድ፣ እትዬ።»

ስትሮዋን ለብ ባለ ውሃ አሟቆ ጫፏን ቆረጠና ጠብታ ያህል ይዞት የመጣው ማይክሮስኮፕ ላይ አደረገ። ሌላውን ከነስትሮዋ ማዳቀያው ዘንግ ውስጥ አስገብቶ፣ እንዳይቀዘቅዝ ደረትሽ ውስጥ ያዥው ብሎ ሰጣት። ባሏም በሸሚዙ ሥር እንዲህ ነበር የሚይዘው። አዳቃዩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ሲቆይባት ገፋ አድርጋው ራሷ አየች። አብዛኛው እንደ አቧራ ተኝቷል። በመሃሉ ግን ጥቂቶች ወዲያ ወዲህ ይራወጣሉ።

«እንደኔ መቆም ያቃታቸውም አሉ» አለች።

«ጥቂት ናቸው። ቃል አልገባልሽም።»

«ቃል ማን ጠየቀህ? ሳይሞቱብኝ ቶሎ በል።»

ላሟን ራሷ ያዘችለት። ሲጨርስ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮርማ ካልፈለገች ይዟል ማለት ነው አላት። ባዶውን ታንክ ይዞት ይሂድ እንደሆነ ጠየቃት። ውሰደው አለችው። ባዶዋን ስትሮ ሊጥል ሲል ግን እጁን ያዘችው።

አሁን የፈለገችውን ያህል ብታያት የሚሞት ነገር የለም። ስትሮዋን ጨብጣ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። ላሟ ጋብ ብሎላት ታመነዥካለች። ሴትዮዋ ዞራ ሄደች፣ ጓዳው በር ላይ ስትደርስ ላሟን ለማየት እንደገና ተመለሰች።