ምሳ በሰባተኛው ድጋፍ ላይ

4.
ከአራት የጀመርኩት ተሳስቼ አይደለም። ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት የመወጣጫ ፍተሻ ቅጹ ጥያቄዎች ቀን፣ ቦታና የፎቅ ብዛት ናቸው፤ እነሱ ማንንም አልጎዱም።

ጥያቄ፦ መወጣጫው በምን ላይ ቆሟል?
መልስ፦ ቀርከሃው ግድግዳው ላይ በቡሎን በተያዙ አሥራ ሁለት የብረት ድጋፎች ላይ አርፏል።

5.
ጥያቄ፦ ድጋፎቹ እንዴት ተፈተሹ?

«በመዶሻ» ብል ይበቃ ነበር። ግን ጋሽ እንዳላማውን ሳልጠራ አላልፍም። እንጅባራ ውስጥ ቀርከሃ በማሰር የሚስተካከለው አልነበረም። ብረቱን በመዶሻ መታ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ኮለን፣ የኮንክሪቱ ምሰሶ፣ ላይ የተያዘ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ባዶ ብሎኬት ላይ የተያዘ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ ምሳውን ይዞ ብቻውን ይወጣል። እዚያው በልቶ ሳይወርድ ማንንም አያወጣም። ቀለም ቀቢዎቹ ከታች ሆነው፣ ዛሬ ደግሞ ቆሎው አላልቅ አለ እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱ እግሩን እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ያኝካል። ያ ጊዜ በጣም ይናፍቀኛል።

6.
ያኔ እኔ ገና የተመረቅሁ መሐንዲስ ነበርኩ። ግድግዳው ተለስኖ ስለነበር ኮለኑ አይታይም፤ ፕላን እያየሁ ለቡሎኖቹ ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጋሽ እንዳላማው ሰባተኛውን ድጋፍ ሁለት ጊዜ መታው።

«ትርንጎ፣ የዚህ ድምፅ አላማረኝም።»

«ኮለን ነው ጋሼ። ፈርሜበታለሁ።»

ወረቀት ያከብር ነበር። ምሳውን ይዞ ወጣ።

7.


ቡሎኑ ከነብሎኬቱ ተነቅሎ ወጣ።


8.
ሐኪም ቤት፣ በማግስቱ፦

እኔ፦ ጋሼ፣ ምልክቱን ባዶ ብሎኬት ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ልናገር።
እሱ፦ አሠሪዎቹን፣ ቡሎኑን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።
እኔ፦ እንዴት ይሆናል?
እሱ፦ ሆድ ይፍጀው። እኔስ ሠርቻለሁ። አንቺን ገና ስንት ግድግዳ ይጠብቅሻል።

እሺ አልኩ። እፎይ ማለቴንም አልደብቅም።

9.
ከዚያ በኋላ መወጣጫ የሚያሠራው አላገኘም። ሃያ ሁለት ዓመት በከዘራ ኖረ። ባለፈው ወር ቀበርነው። ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ፣ ጎበዝ ነበር፣ አንዲት ቡሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ነው እንጂ አለ። ልጁ አንገቷን ደፋች።

እኔም ደፋሁ።

10.
ዛሬ አሥራ ሁለቱም ጥርት ብለው ጮኹ። ምሳዬን እላይ ሆኜ በልቼ ወረድኩ፤ ቀቢዎቹ ወጡ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል። እስከ ዛሬ በሞላሁት ቅጽ ሁሉ ላይ «የለም» ብዬዋለሁ። «አለ» ካልኩ የሙያ ፈቃዴ ይሄዳል። «የለም» ካልኩ የጋሼ ስም እንደተበላሸ ይቀራል።

11.
ጥያቄ፦ ፈታሹ ከዚህ በፊት በሰው ላይ ያደረሰው ጉዳት አለ?

አለ (   )     የለም (   )

የተጎዳው ሰው ስም፦ እንዳላማው

ጥፋቱ የማን ነበር፦ ........................