ውሃን ከጥሩ

ጥራት ተቆጣጣሪ ያገባ ሰው ከእንከን ጋር አብሮ ያረጃል። እንዲህ የሚለው ቀያሹ ነው፤ ለሚስቱ ግን ፊት ለፊት ብሏት አያውቅም። ሚስቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ቆማ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ በመብራት ስር እያገላበጠች ትመረምራለች። የዘለለ ስፌት ወይም የተጣመመ ኮሌታ ካገኘች ቀይ ምልክት ትለጥፍበትና ወደ መጣበት ትመልሰዋለች። ሰፊዎቹ ሲያሟት «ይቺ ገነት ብትገባ የመላእክቱን ቀሚስ ጠርዝ ገልብጣ ነው የምታየው» ይላሉ። ሐሜቱን ሰምታዋለች፤ አልከፋትም። እንዲያውም ትንሽ ደስ ብሏታል።

ዘንድሮ ግን እንከን ፍለጋው ወደ ቤት ገባ። ቀያሹ ዕድሜውን መሬት ሲለካ፣ ካንዱ ተራራ ወዳንዱ ተራራ ሲንከራተት የኖረ ሰው ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ የደከሙ ጊዜ ከሆስፒታል አልጋ ጋር በቱቦ ተሳስሮ ቀረ። የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደም ተመርምሮ የገጠመለት የሚስቱ ሆነ፤ እሷም ዐይኗን ሳታሽ አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችው። ቀዶ ጥገናው ሰመረ። ከዚያ ወዲህ ቀያሹ ቢሮ ተቀምጦ ሌሎች የለኩትን መሬት ካርታ ያነሳል። ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይዋጋው፣ የሰውነቱን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት ጠዋትና ማታ ይውጣል። መከላከያው ስለደከመም፣ ሌላውን ሰው ሆዱን ቆርጦ የሚተወው ቆሻሻ ውሃ እሱን ሊገድለው ይችላል።

የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። መኪና እስከሚያደርስበት ድረስ በመኪና ሄደው፣ ከዚያ ወዲያ ተራራውን በእግር ሊያቋርጡ አስበዋል። «አንተ ከሌለህ መንገዱን ማን ያውቀዋል?» አሉት። ከታመመ ወዲህ እንደዚያን ቀን ፊቱ በርቶ አይታው አታውቅም። ባልና ሚስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ውጤቱን ሁሉ አገላበጠና «ይሂድ። የሚጠጣው ውሃ ግን የታከመ ይሁን። በዚህ ቀልድ የለም» አለ።

«ውሃውን ለኔ ተወው» አለች ተቆጣጣሪዋ። ባሏም ተወላት። የሁለቱም ስህተት እዚህ ላይ ነው።

የጉዞ ዕቃ መሸጫው ጠባብና ረጅም ነው። ከጣሪያው ድንኳንና ገመድ ተንጠልጥሎበታል፤ ረጅም ሰው ጎንበስ ሳይል አያልፍም። ባለ ሱቁ አንድ ሲጠየቅ ሦስት የሚመልስ፣ ዕቃውን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው።

«የውሃ ማከሚያ ፈልገን ነበር» አለች።

«ለማን ነው?»

«ለኩላሊቴ።»

ባለ ሱቁ በሐዘኔታ አያት። «እግዜር ይማርዎት። ታዲያ እንዲህ ሆነው ተራራ መውጣቱ ምን አስፈለገ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ኩላሊቴ እሱ ጋ ነው» ብላ ባሏን በአገጯ ጠቆመችው።

ሰውዬው አንዴ እሷን አንዴ እሱን ሲያይ ቆይቶ ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ቀያሹ ግን አንገቱን ደፍቶ የማይገዛውን የእጅ ባትሪ ያበራል፣ ያጠፋል። ቀልዱ የቤታቸው ቀልድ ነው፤ «ኩላሊቴን ብርድ እንዳታስመታብኝ»፣ «ኩላሊቴን ጨው አታብላት» ትለዋለች። ድሮ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

ባለ ሱቁ አንድ ትንሽ ነገር ከመደርደሪያው አወረደ። «ከሁሉ በፊት፣ ማጣሪያ ሌላ፣ ማከሚያ ሌላ ነው። ይሄ ማጣሪያ ነው። ውስጡ እንደ ክር የቀጠኑ ቱቦዎች ታጭቀውበታል። ባክቴሪያውንም፣ ሆድ ውስጥ የሚፈለፈለውን ጥገኛ ተባይም ያስቀርልዎታል። ቫይረስ ግን ከሁሉም ስለሚያንስ ማጣሪያውን ያልፋል።»

«ከብሔራዊ ቡድናችን ይሻላላ!» አለ ቀያሹ።

ባለ ሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። «ሌላስ ምን አለበት?»

«ሌላው፣ አንዴ ውሃ ከነካው በኋላ ውርጭ ካገኘው ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። ላዩን ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም።»

«ስንጥቁ አይታይም?»

«አይታይም።»

ለእሷ ከዚህ የባሰ ነገር የለም። የሚታይ እንከን ላይ ቀይ ይለጠፍበታል፤ የማይታየው ላይ ምን ይለጠፍበታል? ዕቃውን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ የሱቁን መንገድ ለመደችው። ባለ ሱቁም ተመላላሽ ደንበኛ ያገኘ መስሎት ዕቃውን ለሙከራ እያዋሰ ሰደዳት። ወጥ ቤታቸው ቤተ ሙከራ ሆነ። አንድ ቀን ቀያሹ ከቢሮ ሲመለስ፣ ሚስቱ ከአበባ ማሰሮው አፈር ዝቃ በባልዲ ውሃ በጥብጣ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ በእጅ የሚሠራውን ፓምፕ ስትገፋ አገኛት። ፓምፑ ማከሚያ ነው፤ ቫይረስም አያሳልፍም። ጭቃው ግን ቶሎ አነቀው። «አየህ? ተራራ ላይ ቢሆን ኖሮ አለቀልህ» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ድል ነበረ። የውሃ ማከሚያ ክኒንም ሞከረች። ውሃው ከቀዘቀዘ ግትሩን ተባይ ለመግደል ግማሽ ቀን ሊፈጅ ነው፤ ጥም ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። አፍልቶ መጠጣትም አለ፤ ታዲያ ያን ሁሉ ነዳጅ ማን ይሸከማል? ተህዋሲያንን በብርሃን የሚገድለውን መሣሪያ ይዛ የመጣች ጊዜማ ባለ ሱቁ ራሱ «እትዬ፣ እርስዎ ጋ መነገድ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» ብሎ ሸኝቷት ነበር።

የመሄጃው ቀን ተቃረበ። ባልደረቦቹ ስንቃቸውን ጠቅልለዋል፤ ቀያሹ የተራራ ጫማውን ሰም ቀብቶ በር ሥር አቁሞታል። ተቆጣጣሪዋ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብርሃን የሚሰጠውን ዘንግ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ነክራ ታየዋለች።

«ይሄም አይሆንም» አለች። «ውሃው ከደፈረሰ ተህዋሲያኑ ጥላ ውስጥ ይደበቃሉ። ባትሪውም በብርድ ይደክማል። ለከርሞ የተሻለ ይወጣል ይላሉ። ብትቆይስ?»

ቀያሹ ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። ዘንጉን ከውሃው አውጥቶ አጠፋው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» አለ። «ውሃውን አንቺ ይዘሻል። ነገሩን እኔ ከሥሩ ልያዘው።»

«የምን ነገር?»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንቺ ማከሚያ እየመረጥሽ አይደለም። መቅሪያ ምክንያት ነው የምትመርጭልኝ።»

ልትቆጣ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። «ፈርቼ ነው» አለች። «እዚያ አልጋ ላይ አይቼሃለሁ እኮ። አንተ ራስህን አላየኸውም።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኩላሊቱን ሰጥተሽኝ ነው ወይስ አውሰሽኝ?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተ ሰው፣ ከገላዬ ቆርጬ፣ የራሴን…»

«አየሽ» አለ ቀስ ብሎ። «የራስሽን። የሰው ዕቃ ይዞ የሚዞር ሰው እንዴት እንደሚጨንቀው ታውቂያለሽ? ደረጃ ስወርድ ‹ብወድቅ የሷ ይጎዳል› እላለሁ። ሲያተኩሰኝ መታመሜ አይደለም የሚያስደነግጠኝ፤ ያንቺን ማበላሸቴ ነው። የሰጠሽኝ መስሎኝ ነበር። ለካ አደራ ነው። አደራ የያዘ ሰው ደግሞ ተራራ አይወጣም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ተቆጣጣሪዋ የራሷን ቃል ሰማችው። «ኩላሊቴ»! ስንት ጊዜ ብላዋለች? ጎረቤት ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ ሱቅ ውስጥ፣ እየሳቀች። «ኩላሊት» የሚለው ቃል መጨረሻ ላይ «ት»ን «ቴ» ማድረግ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። የሰው ሥራ ላይ የአንድ ክር መዝለል ከሩቅ የሚታያት ሴት፣ ከገዛ አፏ የሚወጣው ላይ ይሄ ሁሉ ጊዜ ቀይ አልለጠፈችበትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው፤ ኩላሊቱን ስትጠብቅ ሰውዬው እያመለጣት ነበር። አፈረች። ከማፈሯ ይልቅ ግን አዘነችለት፤ ያን ያህል ጊዜ ብቻውን ተሸክሞት መኖሩ አንጀቷን በላው።

«ሰጥቼህ ነው» አለች እያለቀሰች። «መስጠቱን ግን አልቻልኩበትም።»

 እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ጭቃ እስኪረጋ ድረስ እንዲሁ ተቀመጡ።

በማግስቱ አብረው ሱቁ ሄዱ። መንገድ ላይ ስታስበው የራሷ ሥራ ታወሳት። እንከን የለሽ ሸሚዝ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ፋብሪካው «የሚታለፍ ጉድለት» የሚለው አለው፤ ከዚያ መለስ ያለው ታጥፎ ይታሸጋል፣ ሰውም ገዝቶ ይለብሰዋል፣ አምሮበትም ይሄዳል። ካልሆነማ ዓለም ራቁቱን ነበር። ዋናው፣ የትኛውን ጉድለት ችሎ መኖር እንደሚቻል ለባሹን መጠየቅ ነው። እሷ ደግሞ ለባሹን አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

«አንተ ምረጥ» አለችው ሱቁ ሲደርሱ። «የምትጠጣው አንተ ነህ።»

ቀያሹ ብዙ አላሰበም። ከሁሉ የሚከብደውን ፓምፕ አነሳ። «ይሄ ቫይረሱንም ያስቀራል። ውሃው ሲደፈርስ መጀመሪያ በዕቃ አረጋዋለሁ፣ ከዚያ በጨርቅ አሳልፈዋለሁ፣ አያንቀውም። ምናልባት ቢሰበር ክኒን እይዛለሁ፤ ማታ ጨምሬ ስተኛ ለጠዋት ይደርሳል።»

«ውርጭስ?» አለች፤ ሳታስበው አመለጣት።

«እሱንስ ታቅፈው ይተኛሉ» አለ ባለ ሱቁ። «መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ይዘውት ይግቡ፤ ከሰውነት ሙቀት ጋር ከሆነ ውርጭ አይነካውም።»

«እኔን እንኳ እንደዚያ ታቅፎኝ አያውቅም» አለች፤ ሦስቱም ሳቁ። የፓምፑ እጀታ ትንሽ ወልገድ ይላል፤ አይታዋለች። ምላሷን ነክሳ ዝም አለች።

የሄደ ዕለት በሩ ድረስ ሸኘችው። መኪናዋ ከመታጠፊያው ስትሰወር ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ሥራ ገባች።

በቀጣዮቹ ቀናት ስልኩ ዝም አለ። ተራራው ውስጥ መስመር እንደሌለ ነግሯታል፤ ማወቅና ማመን ግን አንድ አይደሉም። ሸሚዙን ታገላብጣለች፣ ዐይኗ አያይም። አንድ ቀን አለቃዋ «ዛሬ ሁሉንም አሳለፍሻቸው፤ ደህና ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። ተመልሳ እንደገና አየቻቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኖቹ ሲንጫጩ፣ ስልኩ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እሱ ነው። ወደ ጨርቅ ማከማቻው ሮጣ በሩን ዘጋች።

«ሃሎ! የት ነህ? ደህና ነህ?»

«ገመገሙ አናት ላይ ነኝ። እዚህ ብቻ ነው መስመር ያለው።» ንፋሱ ከድምፁ ጋር ይሻማል። «ደህና ነኝ። በጣም ደህና ነኝ። ከዚህ የሚታየውን ብነግርሽ አታምኚም።»

የምትጠይቀውን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ ፓምፑ ታነቀ ወይ፣ ጨርቁን ታጥበዋለህ ወይ፣ አተኮሰህ ወይ። የትኛውን ላስቀድም ብላ ስታመነታ እሱ ቀደማት።

«አንቺስ? ዛሬ ውሃ ጠጥተሻል?»

«እኔ?»

«አንቺ እኮ። አንድ ነው የቀረሽ። ፓምፑን በገፋሁ ቁጥር አንቺ ነሽ ትዝ የምትዪኝ፤ ማን ያጠጣታል እላለሁ።»

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ጠያቂው ሁሉ ቤታቸው የሚመጣው እሱን ብሎ ነው፤ እሷም እሱን ብላ ራሷን ረስታ ነበር። የውሃ ጠርሙሷ ጠዋት ሞልታ እዚያው መደርደሪያው ላይ እንዳስቀመጠችው አለ። ክዳኑ አልተከፈተም። 

«ቆይ፣ አትዝጋው» አለችው።

ጠርሙሱን ከፈተች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ ቆማ፣ እየተነፈሰች ጠጣች። እሱም ንፋሱ ውስጥ ቆሞ፣ ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ ጠበቃት።