አሥራ ስምንት፣ ከዚያ መቀነስ

የአጎቴን ትልቁን ስፒከር የቀደድኩት እኔ ነኝ። እጄ ግን አልነካውም። የነካው አጎቴ ራሱ ነው፤ በአንዲት ጣት፣ መጀመሪያ አንድን ቀጥሎ ስምንትን ተጭኖ።

አጎቴ ሦስት ክፍል ያላት የድምፅ ስቱዲዮ አለችው። ያን ሰሞን የቀረው ደንበኛ አንድ ብቻ ነበር፤ የወረፋ ማሽን የሚሸጥ ሰውዬ። ማሽኑ «ቁጥር ሰባ ሦስት፣ ወደ መስኮት አራት ይምጡ» እያለ ሰው የሚጠራ ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት መቶ። ድምፁ የአክስቴ ነው። አክስቴ የአጎቴ ታናሽ እህት ናት፤ አምስት መቶውንም ያለ አንድ ስህተት አንብባ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ሰውዬው በወረቀት የሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፦ የእያንዳንዱ ቅጂ ድምፅ በትክክል አሥራ ስምንት ዴሲቤል ዝቅ ይበል። ካልሆነ ሥራውን መንገድ ማዶ ላለው ስቱዲዮ ይሰጠዋል። ሥራው ከሄደ ደግሞ አጎቴ ስቱዲዮውን ይዘጋል። እሱ እንዲህ ብሎ አልተናገረም፤ ግን ወንበሮቹን ማን ይወስዳቸው እንደሆነ ማጠያየቅ ጀምሮ ነበር።

አጎቴ ድምፅ የሚያስተካክለው ስክሪኑ ላይ ያለችውን ክብ ማዞሪያ በማውስ እየጎተተ ነው። ማዞሪያዋ አሥራ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ትቆምና ትንሽ ሲነካት አሥራ ስምንት ነጥብ ሁለት ትገባለች። ትንፋሹን ውጦ ይሞክራል፤ አይሆንም።

«አንቺ ታዲያ የተማርሽው ለምንድን ነው?» አለኝ።

እኔም የቀረጻው ፕሮግራም ላይ የምትሰካ አንዲት ፕለጊን ሠራሁለት፦ ማዞሪያ፣ ከሥሯ ቁጥር የሚጻፍባት ሣጥን። የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ይሠራል፤ ኢንተር መጫን እንኳ አያስፈልግም። መጠበቅ አልወድም። በራሴ ጣት ሞከርኳት፦ የመቀነስ ምልክት፣ አንድ፣ ስምንት። ሠራች። ጨረስኩ አልኩ።

አጎቴ ወጣትነቱን የእህል መጋዘን ውስጥ እንዳሳለፈ ግን ረስቼው ነበር። እዚያ ከረጢት የሚቆጥሩበት መደመሪያ ማሽን ነበር፤ መጀመሪያ ቁጥሩ ይመታል፣ ከዚያ ይደመር ወይም ይቀነስ ይባላል። የአጎቴ ጣቶች ከዚያ ወዲህ ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

ሰውዬው ለማዳመጥ የመጣ ጠዋት አጎቴ በኩራት ወንበር ሳበለት፤ በትክክል ከስፒከሩ ፊት። የአክስቴ ድምፅ ተለቀቀ። «ቁጥር ሰባ ሦስት…» አጎቴ አንድን መታ። ስምንትን መታ። ሣጥኗም የመቀነስ ነገር ስላልተነገራት አሥራ ስምንት ዴሲቤል ጨመረች።

«ወደ መስኮት አራት ይምጡ!»

መስኮቱ ራሱ የሚመጣ መሰለ። ስፒከሩ ተርረር ብሎ ተቀደደ። ሰውዬው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣና ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ቆመ። አጎቴ ከዚያ በእርጋታ የመቀነስ ምልክቱን መታ። የሚቀነስ ነገር ግን አልቀረም።

«አየር ልውሰድ» አለ ሰውዬው ጆሮውን ይዞ። «ግማሽ ሰዓት ልስጣችሁ። ከዚያ ወደ ማዶ እሻገራለሁ።»

«ጋሼ፣ ምልክቱ እኮ ነው የሚቀድመው!» አልኩ ሰውዬው ገና ሳይርቅ።

«ስንት እንደሆነ ሳልነግረው ምኑን ነው የሚቀንሰው?»

«ኮምፒውተሩ ግን…»

«ኮምፒውተሩ ይታገሣ! ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ዘሎ መሮጥ ከማን ተማረ?»

«ከሠራችው» አለች አክስቴ በሻከረ ድምፅ።

«እትዬ፣ አንቺ ጉሮሮሽን አሳርፊ» አልኳት።

«አሳርፋለሁ። ሁለተኛ ግን አላነብም፤ ዕወቁት። ቁጥር ሳይ ያቅለሸልሸኛል።»

አልወደድኩትም፤ ግን ልክ ነበሩ። ተቀምጬ ሣጥኗን ትዕግሥት አስተማርኳት፦ ኢንተር እስኪጫን ምንም አትንኪ፤ ምልክቱ ከፊትም ይምጣ ከኋላ ተቀበይ፤ ከስድስት በላይ ጨምሪ ካሉሽ እምቢ በይና የነበረውን ቁጥር መልሺ። ሰዓቱ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ለአጎቴ ሰጠሁት።

አንድ፣ ስምንት፣ የመቀነስ ምልክት። እጁን አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ።

«ተበላሸ» አለ።

«ኢንተር፣ ጋሼ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ!»

«በፊደልም ልጻፈው? ለጥንቃቄ።»

«በፊደል አያነብም!»

አጎቴ ወደ እህቱ ዞረ። «አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ፣ በፊደል አያነብም።»

ኢንተር ተጫነ። ሰውዬው ተመልሶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ከወንበሩም ጫፍ ላይ ብቻ። በቀረችን ትንሽ ስፒከር ከሰባ እስከ ሰማንያ አሰማነው። አክስቴ ጣቶቿን ቆላልፋ ትጠብቃለች።

«አሥራ ስምንት ነጥብ ዜሮ ዜሮ» አልኩ ስክሪኑን እያሳየሁ። «በትክክል።»

ሰውዬው ስክሪኑን አላየውም። «ጥሩ ነው። ትንሽ ከፍ ቢልስ?»

«ስንት?» አልነው ሦስታችንም።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ቁጥር አይደለም ጌታዬ። ነጥብ አምስት? አንድ?»

«ትንሽዬ።» በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ክፍተት አሳየኝ።

«ወረቀቱ ላይ እኮ በትክክል አሥራ ስምንት ይላል!»

«እሱን የጻፈው አለቃዬ ነው። ከየት እንዳመጣው እሱም አያውቅም።»

አጎቴ ማውሱን ያዘና ማዞሪያዋን ጎተት አደረጋት።

«እዚህ?»

«ትንሽ መለስ።»

«እዚህስ?»

«እዚያው! እንዳትነካው!»

ሣጥኗን አየኋት። አሥራ ስድስት ነጥብ ሰባት አራት። እንዲህ ያለ ቁጥር በጤናው የሚጽፍ ሰው የለም።

ሰውዬው ተነሥቶ አጎቴን ጨበጠው። «ሌሎቹንም እንዲሁ አድርጓቸው። በሚቀጥለው ወር ደግሞ እስከ አንድ ሺህ እንሠራለን።» አክስቴ ጉሮሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። አጎቴ ግን ዕድሜው በአሥር ዓመት ቀነሰ።

«አየሽ?» አለኝ። «ጆሮ ነው ዋናው። ሣጥኗም ትቀመጥ፤ ታምራለች።»

ላፕቶፔን ከደንኩ፤ ቻርጀሬን ነቀልኩ።

«ኧረ አትኩረፊ! ወዴት ነው?»

«አልኮረፍኩም። ሥራ አለኝ» አልኩ። አልነበረኝም።

ወጣሁና በሩን ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩት። የስቱዲዮ በር ነው፤ ወፍራም፣ ዙሪያውን ስፖንጅ የተለበጠ። ቀስ እያለ መጣና ያለ አንዳች ድምፅ ተዘጋ።