የሞት ምስክር

"ሞቷል በሉና ጻፉት!" አለ አያ አወቀ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ እየመለሰ። "ከልጄ እድል እኔ እበልጣለሁ?"

ጠበቃው አቶ ሙሉቀን መነጽሩን አውልቆ አየው። የትነበርሽ ግን ቀና አላለችም። ክብረት፣ ባሏ፣ ከካናዳ በደወለ ቁጥር "ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ለምኚው" ሲላት ሰንብቷል። እንዴት ብላ ሕያው ሰው ሙትልኝ ትበል? አሁን ራሱ ሲለው መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነበር።

አያ አወቀ የሟች እህቷ የውዴ ባል ነው። ውዴ ስትሞት እስከዳር ጡት አልጣለችም ነበር። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልሎ ከዳባት ማዶ ወደ አዘዞ አወረዳትና ለየትነበርሽ ሰጣት። የትነበርሽና ክብረት ልጅ አልነበራቸውም። ክብረት ካናዳ ከሄደ በኋላም የትነበርሽ ልብስ እየሰፋች ለብቻዋ አሳደገቻት። እስከዳር "እማ" የምትለው እሷን ነው፤ "አባባ" የምትለው ደግሞ ለትንሣኤ በግ እየነዳ የሚመጣውን ገበሬ። ሰሞኑን ቪዛ ወጣ። የወጣው ግን ለየትነበርሽ ብቻ ነው።

"እንደገና ላስረዳችሁ" አለ አቶ ሙሉቀን። "አንደኛው መንገድ አንቺ ከሄድሽ በኋላ 'ወላጅ አልባ የእህቴ ልጅ ናት' ብለሽ ማመልከት ነው። ለዚህ አባትም እናትም በሕይወት አለመኖራቸው መረጋገጥ አለበት። ሁለተኛው ጉዲፈቻ ነው። አንቺም ባልሽም ገና ኢትዮጵያውያን ስለሆናችሁ ይቻላል። አባቷ ፍርድ ቤት ቆሞ ይሰጣችኋል፣ ፍርድ ቤቱ ያጣራል፣ ከዚያ የልጅ ቪዛ ይጠየቃል። ይረዝማል። ያንቺ ቪዛ ደግሞ ቀን አለው፤ ካለፈ እንደ አዲስ ነው።"

"ምነው እንግዲያ፣ አጭሩን አታደርጉትም?" አለ አያ አወቀ። "የቀበሌዬ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ።"

"ሞተው ሲያበቁ ገብሱን ማን ሊያጭደው ነው?" አለ ጠበቃው።

"ገብስ የሙት እጅና የሕያው እጅ አይለይም፣ ጌታዬ።"

አቶ ሙሉቀን ሳቀ። "እኔ የሕያው ሰው ሞት አልጽፍም። የሚጽፍ አይጠፋም፤ እኔ ግን አይደለሁም።"

እስከዳር ጥግ ባለው ወንበር ላይ አባቷ ያመጣላትን ቆሎ እየበላች ነበር። ማኘኳን አቆመች።

"አባባ፣ ከሞትክ ለትንሣኤ አትመጣም?"

አያ አወቀ ልጅቱን ሳይሆን የትነበርሽን አያት፤ መልሱን ከእሷ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

"ይመጣል" አለች የትነበርሽ። ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። "ምን ሆኖ ይቀራል? አያ አወቀ፣ ይህች ልጅ ሰው አገር ሄዳ 'አባትሽ የት ነው?' ሲሏት ምን ልትል ነው? ደውላ የምታናግረውን ሰው ሞቷል ልትል ነው?"

"አንቺስ? ባልሽ ይጠብቅሻል፤ መኪናሽንም ሸጠሻል።"

"የስፌት መኪና ሌላ ይገዛል።"

የትነበርሽ ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ሆና ለክብረት ደወለች። መጀመሪያ ተቆጣ። ቤቱን መከራየቱን፣ ክረምቱን ብቻውን መክረሙን እያነሳ ብዙ ተናገረ። እስኪጨርስ ሰማችው።

"ክብረት፣ እስከዳርን ጥዬ አልመጣም። ቪዛው ካለፈም ይለፍ፤ እንደ አዲስ እንጠይቃለን። ስመጣ ሁለታችንም ሳንዋሽ እንመጣለን።"

"እሺ" አለ ክብረት በመጨረሻ፣ ተንፍሶ። "እኔ የምፈርመውን ጠይቂልኝ። እሷን ስጪኝ እስቲ፤ ድምፅዋን ልስማ።"

አያ አወቀ አቶ ሙሉቀን ባዘጋጀው የጉዲፈቻ ማመልከቻ ላይ ጣቱን ቀለም ነክሮ አሳረፈ። ጣቱን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ፊቱ ፈታ አለ። "ሸጋ ነው" አለ። "እኔም እንዲያው ለአፌ እንጂ መሞቱን አልወደድኩትም ነበር።"

ከቢሮው ሲወጡ ፀሐይ ከፒያሳ ሕንፃዎች በላይ ነበረች። አያ አወቀ የዳባት መኪና ሳያመልጠው ወደ መናኸሪያ ሊሄድ ተነሳ። የትነበርሽ ለቀጣዩ ዓመት የእስከዳርን ምዝገባ ትታው ነበር፤ ልንሄድ ነው ብላ። አሁን አዘዞ ያለው ትምህርት ቤት ሳይዘጋ መድረስ ፈለገች።

"አያ አወቀ፣ ዛሬ እኛ ጋ እደር" አለችው። "መጀመሪያ ግን ልጅህን አብረን እናስመዝግብ።"

መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ትጠይቅ ነበር።

"የተማሪዋ ስም?"

"እስከዳር አወቀ።"

"አሳዳጊ?"

"እኔ ነኝ፤ የትነበርሽ።"

"አባት በሕይወት አለ?"

የትነበርሽ ወደ ጎን ዞር ብላ ለአያ አወቀ መንገድ ለቀቀችለት። ገበሬው ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ።

"አለሁ" አለ።