እርግጠኛ ነዎት?

ሥራ አስኪያጁ ከአምስት ቀን ሥልጠና ሲመለስ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ምስክር ወረቀትና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሻንጣው ቤቱ ገባ፣ ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ሐሳቡ ግን ሠራተኛው ላይ ወረደ። በማግስቱ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ተለጠፈ፦ «በየመስኮቱ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት ይገጠም።»

መሥሪያ ቤቱ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሦስት መስኮት አለው፤ ሰው በአንደኛው ይወለዳል፣ በሁለተኛው ያገባል፣ በሦስተኛው ይሞታል። ሥራ አስኪያጁ «መስኮት» ያለው ግን ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተውን የፕሮግራሙን መስኮት ነበር። ይህ የገባው ለፕሮግራመሩ ብቻ ነው። የግዥ ሠራተኛዋ ሦስት የግድግዳ ሰዓት ገዛች። የጥገና ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ መጥቶ ከሦስቱ መስታወቶች በላይ ቸነከራቸው።

«ወደ ኋላ ይቁጠር ነው የተባለው» አለችው ከታች ሆና።

«ባትሪውን ገልብጬዋለሁ።»

«እና?»

«ወደ ኋላ መሄዱ ቀርቶ ጭራሽ ቆመ።»

ሁለቱ ሰዓቶች ወረዱ። የሦስተኛው መስኮት ሰዓት ምስማሩ አልነቀል ስላለ እንደቆመ እዚያው ቀረ።

ፕሮግራመሩ ዝምተኛ ነው። «እንደምን አደርክ» ሲሉት እንኳ መልሱን በሆዱ አርሞ፣ አስተካክሎ ነው የሚያወጣው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲጠራ እርማቱን ሳይጨርስ ጉዳዩ አለቀ።

«ባለጉዳዩ ቀርቦ ቅጹ ከተከፈተ ጀምሮ ሰባት ደቂቃ። መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቢጫ። ዜሮ ሲገባ ቀይ ሆኖ እኔ ክፍል ይጩህ። በወሩ መጨረሻ ቀይ የበዛበት ሰው ምድር ቤት ወርዶ ከፋይል ጋር ይኑር። መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ሳምንት ቢሰጠኝ...»

«ሁለት ቀን። አንተ ጎበዝ ነህ።»

ቀዩ ማን ላይ እንደሚበዛ ለመገመት ፕሮግራመሩ ነቢይ መሆን አላስፈለገውም። ሦስተኛው መስኮት ላይ የምትቀመጠው አክስቱ ናት፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እቴቴ ይላታል። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። እቴቴ ባለጉዳይ ሲመጣ «የሟች ስም?» ብላ አትጀምርም፤ «አረፍ ይበሉ» ብላ ነው። ማልቀስ ያለበት ያለቅሳል። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ ሳል እንዴት እንደጀመረው፣ የትኛው ወንድሙ ሳይመጣ እንደቀረ ይነገራታል። ቅጹ የሚሞላው በመሐል በመሐል ነው። ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ አምፖል፣ አርባ መደርደሪያና አይጥ እንጂ የሚያወራ ሰው የለም። እቴቴን እዚያ ማውረድ በቁሟ መቅበር ነው።

ሰዓቱን ግን ሠራው። በሁለት ቀን ሠራው፣ የሁለት ቀን ሥራም ሆነ።

በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ የውጤት ዝርዝሩን እያርገበገበ ከክፍሉ ወጣ። የልደት መስኮት፣ አማካይ ስምንት ደቂቃ። የጋብቻ መስኮት፣ ዘጠኝ። የሞት መስኮት፣ አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

«እቴቴ!» አለ፣ «እርስዎ እኮ የተደበቁ ጉድ ነዎት!»

ፕሮግራመሩ ጆሮውን አላመነም። ከሰዓት በኋላ ወንበር ስቦ ከአክስቱ ጀርባ ተቀመጠ። አንዲት ሴት መጣች። እቴቴ አስቀመጠቻት፣ የባሏን ስም ጻፈች። በየትኛውም መስኮት ስም አንዴ ከተሳሳተ ለማረም ስምንት ፊርማ ስለሚጠይቅ፣ ፕሮግራመሩ ራሱ ዱሮ ያስገባው ትንሽ ሳጥን ብቅ አለ፦ «እርግጠኛ ነዎት?» እቴቴ እጇን ሰብስባ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ሰዓቱ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ላይ ቀጥ አለ። ሃያ አምስት ደቂቃ ተወራ። ሰዓቱ ንቅንቅ አላለም።

ወሬው ሲያልቅ እቴቴ «አዎ» ብላ የቀረውን በግማሽ ደቂቃ ሞላች። ሴትዮዋ ስትወጣ ጠየቃት። «እቴቴ፣ ለምንድነው ቶሎ ‹አዎ› የማትይው?»

«እርግጠኛ ነዎት ብሎ ጠየቀኛ! ሰው ሰምቼ ሳልጨርስ በምን አፌ ነው እርግጠኛ ነኝ የምለው? ደግሞ ጨዋ ነው፣ አንቱ ብሎኝ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ካለቃህ ይሻላል።»

ጥፋቱ ወዲያው ገባው። ሰዓቱ በራሱ የሚሄድ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ በየሰከንዱ «አንድ ቀንስ» እያለ የሚገፋው ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ መልስ ሲጠበቅ ፕሮግራሙ ሥራውን ሁሉ ትቶ ይቆማል። የሚገፋው ያጣ ሰዓትም አብሮ ይቆማል። ሌሎቹ ሳያነቡ «አዎ» ስለሚሉ አይታወቅባቸውም። ጥያቄውን ከልቧ የሰማችው እቴቴ ብቻ ናት። ለማረም የአንድ መስመር ሥራ ነበር፤ እሱ ግን እጁን ኪሱ ከተተ።

ዝም ብሎ ቢያልፍ ደስ ባለው። ሥራ አስኪያጁ ግን ሐሙስ ዕለት ሁለተኛ ደብዳቤ ለጠፈ፦ በሦስተኛው መስኮት አርአያነት ከሰኞ ጀምሮ ሰባቱ ደቂቃ ሦስት ይሆናል።

«በሦስት ደቂቃ?» ብላ ጮኸች የጋብቻዋ ሠራተኛ። «የኔ ሙሽሮች ማን ቀድሞ ይፈርም ብለው ሲገፋፉ ብቻ አራት ደቂቃ ያልቃል!»

«የኔስ?» አለ የልደቱ። «አባትየው የልጁን ስም ሊጠይቅ ሚስቱ ጋ ይደውላል፣ እሷ ደግሞ እናቷ ጋ። እቴቴ፣ ምን አደረግንሽ?»

እቴቴ ምን እንዳደረገቻቸው አላወቀችም። በምሳ ሰዓት ፕሮግራመሩ አንገቱን ደፍቶ ነገራት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እና እኔ ሳልሮጥ ነው ያሸነፍኩት?»

«እንደዛ ነው።»

«ለነዚህ ልጆችም ጦስ ሆንኩባቸው?»

«ካስተካከልኩት ግን በወሩ መጨረሻ ምድር ቤት ነሽ።»

ትንሽ አሰበች። «አይጡን አረፍ በል እለዋለሁ» አለች። «አስተካክለው።»

ዓርብ አስተካከለው። ከዚያ በኋላ ሳጥን ቢከፈት ባይከፈት ሰዓቱ ይሄዳል።

ሰኞ ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊዋ ውጤቱን ሊያዩ ሁለት ሰዎች አስከትለው መጡ። ሥራ አስኪያጁ እየተሽቆጠቆጠ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው መስኮት መራቸው። ከፊት የቆሙት ባለጉዳይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ ናቸው።

«ወንበሩን ለኔ ይልቀቁልኝ እቴቴ» አለ። «ፍጥነት የአሠራር እንጂ የሰው ጉዳይ አለመሆኑን ለክብርት ላሳይ።»

እቴቴ ተነስታ ከወንድሟ ልጅ ጎን ቆመች። ሦስት ደቂቃው መቁጠር ጀመረ።

«ስም?»

«የማን? የኔ?» አሉ ሽማግሌው።

«ስም አባባ፣ ስም! ጊዜ የለም።»

ሽማግሌው ደንግጠው ስማቸውን እስከ አያታቸው ተናገሩ። ጻፈው። «እርግጠኛ ነዎት?» አለ ሳጥኑ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል «አዎ» ላይ ተጫነ።

«መቼ?»

«ሐሙስ ዕለት ነው፤ ጠዋት ተነስታ፣ መጋረጃውን ግለጥልኝ ብላኝ...»

«ሐሙስ። ምክንያት?»

«ልቧ ነው ልጄ።»

የ«ልቧ»ን «ቧ» ወደ «ብ» ቀንሶ «ልብ» ብሎ ጻፈ። ማተሚያው አጉረመረመ። በሁለት ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ አለቀ! እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ፈልገው አገኙ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

ጭብጨባው ባየር ላይ ቀረ። የበላይ ኃላፊዋ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ማሽን አይጠይቅም እንዴ?»

«ይጠይቃል ክብርት።»

«ምን ብሎ ጠየቀህ?»

«እርግጠኛ ነዎት ብሎ።»

«ምን አልከው?»

«አዎ።»

«ይነሱልኝ እስቲ» አለች እቴቴ። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አዲስ ቅጽ ከፈተች፣ ከዚያ ፊቷን ከኮምፒውተሩ አዞረች። «አረፍ ይበሉ አባባ። መጋረጃውን ግለጥልኝ ካለች በኋላ ምን አለች?»

ሽማግሌው ተቀመጡ። ሰዓቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ። ፎቅ ላይ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ ጩኸቱን ለቀቀው። የበላይ ኃላፊዋ ጥግ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አርባ አንድ ደቂቃ ሙሉ አዳመጡ። አንዴም ሰዓታቸውን አላዩም።

ረቡዕ ሦስተኛው ደብዳቤ ተለጠፈ፤ ፊርማው የበላይ ኃላፊዋ ነበር፦ «በየመስኮቱ ላይ ያለው ሰዓት ከዜሮ ተነስቶ ወደ ፊት ይቁጠር። አይጩህ።» ፕሮግራመሩ በግማሽ ቀን ጨረሰው። ምድር ቤት የወረደ ሰው የለም፤ የወረዱት ሁለቱ የግድግዳ ሰዓቶች ናቸው።

ሽማግሌው ግን ስምንቱ ፊርማ እስኪሟላላቸው በሕግ እንደሞቱ ናቸው። በየጠዋቱ ይመጣሉ። «ሟቹ መጣሁ» ይላሉ፣ እቴቴም ወንበር ትስብላቸዋለች። የመጀመሪያው ፊርማ የሥራ አስኪያጁ ስለሆነና እሱም አሁን ሳያነብ ስለማይፈርም፣ ነገሩ ሳይቆይ አይቀርም።

የጥገና ሠራተኛውም ደብዳቤውን አንብቦ መሰላሉን ይዞ ወደ ሦስተኛው መስኮት መጣ።

«ደግሞ ምን ልታደርግ ነው?» አለችው የግዥ ሠራተኛዋ።

«ወደ ፊት ይቁጠር ተብሏል» አለ፣ የቆመውን ሰዓት ከፍቶ ባትሪውን በትክክለኛው በኩል እያስገባ። «አሁን ገና የሚሆን ነገር አዘዙ።»